ኪሎሜትሩን ተዉትና ፍሬኑን ቁጠሩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ ማለትም ስፖርቱን ሳልጨርስ ፖለቲካው ጋ አልደርስም። ባለፈው እትማችሁ ስለ አካል ብቃት በጻፋችሁት ላይ እድሜው ገፋ ላለና በትልቅ ሜዳ የሚደረገው የ11 ለ 11 እግር ኳስ ለከበደው ሰው በትንሽ ሜዳ 5 ለ 5 መጫወት "ቀለል ያለ አማራጭ" ነው የምትል አረፍተ ነገር አየሁ፣ ምክንያቱ ደሞ ተጫዋቹ የሚሮጠው ኪሎሜትር ትንሽ ስለሆነ ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔ የተጎዳሁት ይሄን አምኜ አይደለም፣ እናንተ ከመጻፋችሁ በፊት በራሴ ሞኝነት ነው፣ ግን ያው ሞኝነቱ አንድ አይነት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 43 አመቴ ነው። በወጣትነቴ ትልቅ ሜዳ ላይ አማካይ ሆኜ ተጫውቻለሁ፣ ከዛ ስራ መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ወንበር ላይ መዋል መጣ፣ በዚሁ ስምንት አመት ኳስ ሳልነካ ቀረሁ። ጓደኞቼ ሀሙስ ሀሙስ ማታ 5 ለ 5 ይጫወታሉ፣ ና ሲሉኝ ኧረ አቅም የለኝም እኔ ስል "አንተ ደሞ፣ ሜዳዋ እኮ ይቺው ናት" አሉኝ። ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ ንጉስ ነበርኩ፣ አብዶ ሁሉ ሰርቻለሁ። አስረኛው ደቂቃ ላይ ግን እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬት መሬቱን እያየሁ በረኛ ልሁን ብዬ እለምን ነበር። ሲያልቅ የእጅ ሰዓቴን ባየው 4 ኪሎሜትር ከምናምን ይላል። አራት! በእግሬ ወክ ሳደርግ እንኳ ከዛ በላይ እሄዳለሁ። ታዲያ በማግስቱ ከደረጃ መውረድ አቅቶኝ ወደ ጎን ዞሬ፣ ብረቱን ይዤ፣ እግር መትከል እንደሚማር ህጻን አንድ አንድ እያልኩ ወረድኩ። መውጣቱ እኮ ያን ያህል አልነበረም፣ መውረዱ ነው የገደለኝ። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከወር በኋላ ባቴ ተቀደደ። ማንም አልነካኝም፣ ቆሜ ነበር፣ ኳሷ አጠገቤ ስታልፍ ልነሳ ስል ከኋላ አንድ ሰው በታኬታ የመታኝ መሰለኝና "ማነው?" ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ ሰው የለም። በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስትነግረኝ የባት ጡንቻ የተቀደደበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄንኑ ነው የሚለው፣ ተመታሁ ብሎ ዞሮ ያያል። እሷ ጋ ስድስት ሳምንት ስመላለስ ከእግሬ ይልቅ ጭንቅላቴ ነው የተማረው፣ አንዳንዱን እሷ ነግራኝ ሌላውን እኔ እየፈለግኩ አንብቤ፣ እና ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ይሄንን ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንስራው። ትልልቅ ውድድሮች የሚደረጉበት ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 105 በ 68 ሜትር ነው፣ 7,140 ካሬ ማለት ነው፣ ለ22 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 325 ካሬ ይደርሰዋል። 40 በ 20 የሆነ የፉትሳል (በአዳራሽ ውስጥ የሚደረገው የ5 ለ 5 እግር ኳስ) ሜዳ ግን 800 ካሬ ነው፣ ለ10 ሰው ሲካፈል 80 ካሬ። አራት እጥፍ ጠበበ ማለት ነው። ትልቅ ሜዳ ላይ ኳስ በዛኛው ክንፍ ስትሆን አንተ በዚህኛው ክንፍ ወገብህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ በቴሌቪዥን ስለማይታይ ነው እንጂ አንደኛ ደረጃ ተጫዋች እንኳ አብዛኛውን ደቂቃ የሚያሳልፈው በእርምጃና በዝግታ ሩጫ ነው። ትንሽ ሜዳ ላይ "በዛኛው ክንፍ" የሚባል ነገር የለም። ኳሷ የትም ብትሆን አንተ ጋ ለመድረስ አንድ ፓስ ይበቃታል፣ ስለዚ ሁሌ ትነሳለህ፣ ሁሌ ትቆማለህ፣ ሁሌ ትዞራለህ።

ኪሎሜትሩ ለምን ያነሰ እንደመሰለ ደሞ ግልጽ ነው፣ የሚጫወቱት ደቂቃ ስላነሰ ነው። የትልቅ ሜዳ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ኪሎሜትር ይሸፍናል፣ ለደቂቃ ስታካፍሉት ከ110 እስከ 130 ሜትር አካባቢ ነው። ፉትሳልን ስራቸው ያደረጉ ተጫዋቾችም ሜዳ ውስጥ ባሉባት ደቂቃ ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳሉ። በደቂቃ ሲታሰብ ልዩነቱ ይሄን ያህል የሚወራለት አይደለም፣ ግን አንደኛው ረጅም ረጅም ነው፣ ሌላኛው የተቆራረጠ። በሰዓት 25 ኪሎሜትር የሚያልፍ ፍጥነት ትንሽ ሜዳ ላይ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው፣ ፍጥነቱ ላይ ሳትደርስ ግድግዳው ይደርሳል። መለኪያው ደሞ ፍጥነትን ስለሚወድ "ይሄ ሰውዬ ምንም አልሰራም" ብሎ ይጽፍሃል። የኛ የእጅ ሰዓቶችማ ብዙዎቹ ያለንበትን ቦታ በሰከንድ አንዴ ቢይዙ ነው፣ ሶስት ሜትር ወደፊት ተስፈንጥሬ ሁለት ሜትር ወደኋላ ስመለስ ለሰዓቱ አንድ እርምጃ ነው የሄድኩት፣ ለጉልበቴ ግን ሁለት መነሳትና ሁለት መቆም ነው።

እና ዋናው ነገር መቆሙ ነው፣ ፍሬኑ። ሰው ሲሮጥ ጉልበት የሚጨርሰው መነሳቱ ላይ ይመስለዋል፣ መነሳትም ከባድ ነው አልካድኩም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣው እሱ ነው። ጡንቻን የሚጎዳው ግን ፍሬን መያዝ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ስትነሳ ጡንቻህ እያጠረ ነው የሚጎትተው፣ ስትቆም ግን እየተለጠጠ ነው የሚጎትተው፣ ማለትም ሰውነትህ ወደፊት ሊሄድ ይፈልጋል የጭንህ ጡንቻ ደሞ በግድ እየተዘረጋ ወደኋላ ይይዘዋል፣ ልክ አንድ ሰው ገመድ ሲስብ ገመዱ ከእጁ እያመለጠ እሱም እየተጎተተ እንደሚይዘው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስራ የጡንቻውን ጥቃቅን ክሮች ይጎዳል፣ ህመሙ ደሞ ወዲያው አይመጣም፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። ደረጃ ሲወረድም የጭን ጡንቻ እንደዚሁ እየተለጠጠ ነው የሚሰራው፣ ለዚህ ነው መውጣቱ ቀሎኝ መውረዱ ያስለቀሰኝ። (በነገራችን ላይ ይሄን ህመም "ላክቲክ አሲድ ነው" የሚል ሰው በየቡድኑ አንድ አለ። አይደለም። እሱ ጨዋታው ካለቀ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ አይቆይም፣ እንዴት ብሎ በሁለተኛው ቀን ያሳምማል?)

ባለሙያዋ የነገረችኝ ሌላ ነገር ደሞ አለ። ስትነሳ ብዙ እርምጃ ወስደህ ቀስ በቀስ ነው ፍጥነት የምትይዘው፣ ስትቆም ግን ሁሉንም በሁለት በሶስት እርምጃ ነው የምትጨርሰው፣ ስለዚ መሬቱ ወደ እግርህ የሚመልሰው ግፊት በመቆሙ ላይ ይበዛል። ያንን ግፊት ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ብሽሽት ናቸው የሚቀበሉት። ኤሲኤል የሚባለው የፊት የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲነካህ አይደለም፣ እግርህን ተክለህ ስትዞር ወይ ዘለህ ስታርፍ ነው። ትንሽ ሜዳ ላይ በአንድ ሰዓት ስንቴ እግራችሁን ተክላችሁ እንደምትዞሩ አንድ ቀን ዳር ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት፣ እኔ ባቴ ሲታከም ስራ ስላልነበረኝ ቆጥሬ አስረኛው ደቂቃ ላይ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት።

ልብን እንዳልረሳ። በትልቅ ሜዳ የአንድ ተጫዋች የልብ ምት በአማካይ ከከፍተኛው ወደ 85 ከመቶ አካባቢ ነው የሚሆነው። 3 ለ 3 ወይም 4 ለ 4 ሲሆን ወደ 90 ይጠጋል። ለእንደኔ አይነቱ ሰው 220 ሲቀነስ እድሜ ብለን 177 ብናወጣ (ይሄ ቀመር ግምት ነው፣ ከሰው ሰው በአስር ምትና ከዛም በላይ ይሳሳታል) 90 ከመቶው 159 ነው። የኔ ሰዓት በዛች ሀሙስ ያሳየኝም እዛው አካባቢ ነበር፣ ያቺን አራት ኪሎሜትር እያየሁ ስስቅ ይሄኛውን ቁጥር አላየሁትም። በትልልቅ ሊጎች ከ90ው ደቂቃ ኳስ በትክክል የምትንቀሳቀሰው ከ55 እስከ 60 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ የቀረው አውት፣ ኮርነር፣ ፋውል፣ ቅያሪ ነው። እኛ የምንጫወትባቸው በመረብና በግድግዳ የታጠሩ ሜዳዎች ላይ ግን ኳስ የት ትወጣለች? ትመታለች ትመለሳለች። የሚያስተነፍስ ዳኛም የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፉትሳልን ስራቸው ያደረጉ፣ በቀን ሁለቴ የሚለማመዱ፣ እድሜያቸው 25 የሆነ ሰዎች ሜዳ ላይ ስንት ደቂቃ በተከታታይ የሚቆዩ ይመስላችኋል? ጥቂት ደቂቃ። ከሶስት እስከ አምስት ደቂቃ እንደ እሳት ይሮጡና ይወጣሉ፣ ሌላው ይገባል፣ ትንሽ ተንፍሰው ይመለሳሉ። ህጉም ለዚሁ ተብሎ የተሰራ እስኪመስል ቅያሪው ገደብ የለውም፣ ጨዋታውም ሳይቆም ነው የሚቀየሩት። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፣ ኳስ ስትቆም ሰዓቱም ይቆማል፣ ቡድኑም በየግማሹ አንድ የአንድ ደቂቃ ታይም አውት መውሰድ ይችላል። እኛስ? በትክክል አስር ሰው እንቆጥራለን፣ አስራ አንደኛ ሰው ከመጣ እንደውም "ተረፈ" ብለን እናዝናለን፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ የ40 አመት ሰው ያለቅያሪ 60 ደቂቃ እንጫወታለን። ባለሙያው የማያደርገውን እኛ እናደርጋለን ማለት ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለኛ ነው። አጭር ስፕሪንት የሚሰራበት የጡንቻ ጉልበት ካለቀ በኋላ ግማሹ ለመመለስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ደሞ የሶስት አምስት ደቂቃ እረፍት ይፈልጋል፣ ይሄንን እረፍት ማንም ሳይሰጠው የሚጫወት ሰው በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የሚጫወተው በደከመ እግር ነው፣ የደከመ እግር ደሞ ፍሬን በደንብ አይይዝም።

በረኛነትን በዙር የምንሰጣጥበት ነገር ደሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የደከመው ይገባል፣ አምስት ስድስት ደቂቃ ቆሞ ይቀዘቅዛል፣ ከዛ "ተራዬ አለቀ" ብሎ ሲወጣ የመጀመሪያው ኳስ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል። የኔ ባት የተቀደደው እንዲህ ነው፣ ከበረኛነት በወጣሁ በሁለተኛው ደቂቃ። ከዛ ወዲህ የኛን ቡድን ሳያቸው ብዙ ጊዜ እግር ይዞ ቁጭ የሚለው ሰው ከጎል ገና የወጣው ነው፣ ይሄ ጥናት አይደለም የኔ አይን ነው፣ ግን እናንተም እዩት።

ስለ ማሟሟቅ ብዙ አልልም ምክንያቱም ሁሉም ያውቀዋል ማንም አያደርገውም። የኛ ማሟሟቅ ከመኪና ወርዶ በቀዝቃዛ እግር በረኛው ላይ ኳስ መጠለዝ ነበር። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ልምምድ አለ፣ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ትንሽ ሩጫ፣ የሆድና የጭን ጥንካሬ፣ ሚዛን፣ ዝላይና ማረፍ ያለበት፣ ምንም እቃ አይፈልግም ማለት ይቻላል፣ እና በሳምንት ሁለቴ እንኳ በትክክል በሚሰሩት ቡድኖች ጉዳት ጉልህ በሆነ መጠን እንደሚቀንስ ተደጋግሞ ታይቷል። ከልምምዶቹ አንዱ፣ ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚትህን ይዞልህ ተንበርክከህ ወደፊት ቀስ ብለህ የምትወድቅበት እንቅስቃሴ በተለይ ለኋላ ጭን ነው፣ እሱ ማለት ፍሬን መለማመድ ነው በቃ፣ ጡንቻውን እየተለጠጠ እንዲይዝ ታስተምረዋለህ። መጀመሪያ ቀን በፊቴ ነው የወደቅኩት።

አሁን ደሞ ተቃራኒውን ስህተት ልናገር፣ እሱም አለና። የወንድሜ ልጅ 16 አመቱ ነው፣ በአንድ ታዳጊ ቡድን ይጫወታል፣ አሰልጣኙ ሁሉን ነገር በትንሽ ሜዳ ነው የሚያሰራቸው፣ 4 ለ 4፣ 5 ለ 5፣ ሩጫ የሚባል የለም፣ "ሁሉም በኳስ" ነው መፈክሩ። ለልብና ለትንፋሽ ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታዳጊዎች ላይ በተሰራ ጥናት አራት አራት ደቂቃ በትንሽ ሜዳ የተጫወቱትና አራት አራት ደቂቃ ያለኳስ የሮጡት ብቃታቸው ያደገው ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው፣ ታዲያ ኳስ እያለ ማን ዝም ብሎ ይሮጣል። ግን ያ ልጅ ሙሉ ሳምንቱን በ80 ካሬ ውስጥ ሲነሳ ሲቆም ሰንብቶ ቅዳሜ 105 ሜትር ሜዳ ላይ ክንፍ አድርገው ያሰልፉታል፣ ረጅም ኳስ ይላክለታል፣ አርባ ሜትር በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፣ የኋላ ጭኑ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቶ አያውቅም። ሁለቴ ተጎድቷል። ሜዳ ጠበብ ስታደርገው ፍሬኑና መዞሩ ይበዛል፣ ሰፋ ስታደርገው ፍጥነቱና ርቀቱ ይበዛል፣ ሁለቱ አይተካኩም። የጣሊያኖቹ ተመራማሪዎች የነራምፒኒኒ ጥናት (እ.ኤ.አ. 2007) ደሞ ሜዳው ሲሰፋ፣ የሰው ቁጥር ሲያንስና አሰልጣኙ ዳር ቆሞ ሲያበረታታ የልብ ምቱም ድካሙም እንደሚጨምር አሳይቷል። አዎ፣ ጩኸቱም ይቆጠራል። ሁለት ንክኪ ብቻ ብትል፣ ሰው ለሰው ያዝ ብትል፣ እያንዳንዷ ህግ ድካሙን ትቀይረዋለች፣ ስለዚ "5 ለ 5" ብቻ ብሎ ስለ ክብደቱ ማውራት አይቻልም፣ በስንት ሜትር ላይ? ለስንት ደቂቃ? በስንት ቅያሪ?

ይሄን ሁሉ ስል ተዉት አትጫወቱ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንደውም በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ክሩስትሩፕ እና ባንግስቦ የተባሉ ተመራማሪዎች ስፖርት የማይሰሩ ሰዎችን ወስደው በሳምንት ሁለት ሶስት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል በትንሽ ሜዳ ሲያጫውቷቸው በ12 ሳምንት ውስጥ የደም ግፊታቸው ወርዷል፣ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው አድጓል። ግን የሰራው ከባድ ስለሆነ ነው! ቀላል ቢሆን ኖሮ በሶስት ወር ያንን አያመጣም ነበር። መድኃኒት ነው ካላችሁ መጠኑንም ጻፉ።

ደረቱን የሚይዘው፣ ያለልክ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ወይ ቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ የሞተ ሰው ያለበት ከመግባቱ በፊት ሀኪም ይየው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ሁላችንም አይተናል፣ የዳነው ደረቱን የሚጫኑለት ሰዎችና የልብ ማስነሻ ማሽኑ በደቂቃዎች ውስጥ ስለደረሱለት ነው። ያለዚህ እርዳታ በየደቂቃው የመዳን እድል ከ7 እስከ 10 ከመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ሜዳ የምታከራዩ ሰዎች ይቺን ጋዜጣ የምታነቡ ከሆነ ማሽኑ የት እንደተሰቀለ ጠይቁ፣ ካልተሰቀለ ለምን እንዳልተሰቀለ።

እውነት "ቀለል ያለ" የምትሉት ከሆነ ደሞ አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ መሮጥ የተከለከለበት፣ በእርምጃ ብቻ የሚጫወቱት እግር ኳስ፣ ከ50 አመት በላይ ላሉ ሰዎች ተብሎ የተጀመረ ነው። እሱን ጻፉ። እኔ ገና ሰባት አመት ይቀረኛል፣ ኩራቴም አልፈቀደልኝም።

ለማንኛውም ተመልሻለሁ። አሁን አስራ አራት ሰው ሆነን ነው የምንገናኘው፣ ሁለት ሁለት ተቀያሪ አለን፣ በረኛ ሆኖ የቆየ ሰው ከመግባቱ በፊት ዳር ላይ ሁለት ሶስቴ ይሮጣል፣ አስራ አምስት ደቂቃ ቀድመን እንመጣለን (ሃያ ነበር ያልነው)። የኔ ሰዓት ኪሎሜትር መቁጠር ትታ አምስት ደቂቃ ሲሞላ እንድትጮህ አድርጌያታለሁ፣ ስትጮህ ሁለት ሰው ይወጣል ሁለት ይገባል። አንድ ጓደኛችን ብቻ እስካሁን አልገባውም፣ ሰዓቷ በጮኸች ቁጥር "ይቺን ኳስ ብቻ ልምታ" ይላል።

ከአክብሮት ጋር
ከስፖርት ገጽ የሚጀምር አንባቢያችሁ